ሳይጣሩ የወጡት ጣራ

ደሴ ውስጥ ከሰኞ ገበያ በላይ፣ የጦሳ ተራራ እግሩን ዘርግቶ በተኛበት ዳገት ላይ ያለው ሰፈር እንደ ደረጃ የተሠራ ነው፤ የአንዱ ቤት መሠረት ከሌላው ቤት ጣራ እኩል ይሆናል። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚኖር ሰው ዓይኑን መግታት ካልተማረ ጎረቤት ሆኖ መዝለቅ አይችልም። ስለዚህም አባቶች አንድ ሥርዓት አኑረዋል። ቆርቆሮ ሊመታ ወይም ፍሳሽ ሊደፍን ጣራ ላይ የሚወጣ ሰው፣ መሰላሉን ካስደገፈ በኋላ፣ «ጣራ ልወጣ ነው፤ ሰትር!» ብሎ በሙሉ ድምፁ ይጣራል። ይህን የሰማች ሴት ሻሿን ታስራለች፤ ገላውን የሚታጠብ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከገመድ ላይ መነሣት ያለበት ልብስ ይነሣል። ከዚያም ከየግቢው፣ «ሰትረናል፤ ውጣ!» የሚል መልስ ይመጣል። «ሰትር»፣ ማለትም «ሸፍኑ»፣ ከዐረብኛ መምጣቱን ክርስቲያኑ ረስቶታል፤ ሙስሊሙም አላስታወሰውም። አንድ ቤት ካልመለሰ መሰላሉ ላይ እግር አይነሣም።

«ጣራ የወጣ ዓይን ደጅ ሳያንኳኳ የገባ እግር ነው» ይሉ ነበር የመምህር አብዱልባሲጥ አባት።

መምህር አብዱልባሲጥ ዕድሜያቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው በጡረታ የተገለሉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ቀጥ ማለትንም ከሌላው የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ተማሪዎቻቸው ዛሬ ሽበት አብቅለው እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ሸሚዛቸው ቁልፍ ይሄዳል። ውሸትን በቀልድ መልክም ቢሆን አይታገሡም፤ አጎንብሶ ሰላምታ የሰጣቸውን ሰው፣ «አፊያ ነህ?» ብለው ከጠየቁት በኋላ፣ «ደኅና ነኝ» ሲል በእርግጥ ደኅና መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቱን ይመረምራሉ። እኚህ ሰው ካይት፣ ያንን ልጆች በክር ይዘው ነፋስ ላይ የሚለቁትን ነገር፣ ያበርራሉ ሲባል ሰፈሩ ሳቀባቸው። እሳቸው ግን የሳቁ ምክንያት አልታያቸውም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፌስታል ነው። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው በጋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ከገበያው የተነሣ ቢጫ ፌስታል በነፋስ ተነፍቶ ሽቅብ ወጣ። ከጣራዎቹ፣ ከባሕር ዛፎቹ፣ ከመስጊዱ ሚናራና ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት በላይ ወጥቶ ቆመ። መምህሩ ፀሐይዋን በእጃቸው ከልለው እስኪሰወር ተመለከቱት። ምድር ከአናቷ ስትታይ ምን እንደምትመስል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል፤ የገዛ ከተማቸውን ግን ከአናቷ አይተዋት አያውቁም። ከጦሳ ላይ ሆኖ ማየት እንኳ ከጎን ማየት ነው። «ይህ ፌስታል እኔ ያላየሁትን ደሴን አየ» አሉና ቀኑበት።

ከቦርከና ዳር ሸምበቆ አስቆርጠው አመጡ። ከሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የናይለን ገመድ ገዙ። የዘይት ጄሪካን ቆርጠው ለአሮጌ ስልካቸው ማቀፊያ ሠሩለት፤ ስልኩ በካይቱ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ፣ በየጥቂት ሴኮንዱ በራሱ ፎቶ እያነሣ የሚወጣና የሚወርድ ሆነ። የቀረው ለካይቱ የሚሆን ቀላልና ጠንካራ ጨርቅ ነበር። እሱንም የአጥር ጎረቤታቸው አቶ ፈንታሁን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው ሞሉት።

አቶ ፈንታሁን በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ፣ ሰፊ ትከሻና የማያልቅ ወሬ ያላቸው ሰው ናቸው። ሁለቱ ሰዎች በጎረምሳነታቸው ነው የተዋወቁት፤ በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይም አንዲት ትንሽ መዝጊያ አበጅተዋል፤ መቀርቀሪያ ግን አላደረጉላትም።

«ቅደደው» አሉ አቶ ፈንታሁን ጃንጥላውን እያቀበሉ። «ነፋስ የለመደ ነው። አፋር በረሃ ላይ ሁለቴ ተገልብጦብኛል።»

«ለዝናብስ ምን ልትይዝ ነው?»

«ዝናብ ሲመጣ አንተ ቤት ነዋ የምገባው!»

ገመዱ እጃቸውን እንዳይቆርጠው የሹፌርነት ዘመናቸውን የቆዳ ጓንት ጨምረው ሰጧቸው። ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ጥቁር ነገር የሰውን ልብ በሚያርድበት በዚህ ዘመን ማንም እንዳይደነግጥ፣ የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ መዲና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጅራት ሰፉለት። መምህሩም እንደ ልማዳቸው ቀበሌውን አስፈቀዱ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ባለበት በኮምቦልቻ ሰማይ ላይ ግን ካይቱን ላያወጡ ለራሳቸው ቃል ገቡ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ምሽቶች በመምህሩ ሕይወት ውስጥ ከጣፈጡት መካከል ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ጫፍ ካለው ሜዳ ላይ ካይቱን ያበርራሉ፤ ስልኩ ምን እንዳየ ግን እስኪወርድ አይታወቅም። ሲወርድ ከአቶ ፈንታሁን ጋር ደጃፋቸው ላይ ባለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት ራስ በአንዲት ትንሽ መስታወት ላይ ይደፋሉ።

«ይሄ ያንተ ጣራ ነው፤ ሚስማር ጎድሎታል።»

«ያንተስ? እየው እስቲ፣ ጎማ ጭነህበታል! የተማረ ሰው ጣራውን በጎማ ያስይዛል?»

«ጎማውን ማን ሰጠኝ?»

«እኔ! ታዲያ አናትህ ላይ ጫነው አልኩህ?»

ዘንድሮ ግን አቶ ፈንታሁን መምጣታቸውን እየቀነሱ፣ በኋላም ጨርሰው ተዉት። መጀመሪያ፣ ወሬ ጀምረው መሃል ላይ ይነሡና ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ቀጥለው መቀመጫው ጫፍ ላይ ብቻ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ይቀመጡ ጀመር። ከጥቅምት ወዲህ ያቺ መዝጊያ አልተከፈተችም። መምህሩ ሄደው ሲጠይቁ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ የአቶ ፈንታሁን ባለቤት፣ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ «ጉንፋን ነው መምህር፤ ተኝቷል» ይሏቸዋል። ከውስጥ ግን ሬዲዮ ይሰማል። መምህሩ ያላቸው ወዳጅ ይህ አንድ ሰው ነው፤ ምን እንዳስቀየሙት እያሰቡ የተናገሩትን ሁሉ በልባቸው ከለሱት፤ ጥፋት አላገኙም።

በዚሁ መካከል የቅሬው ዳኛ አቶ ወንድምአገኘሁ መጡ። ቅሬ በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሙታኑን የሚቀብርበት፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናበት ማኅበር ነው። የሰፈሩ ቅሬ አዳራሹን አድሶ ሊያስመርቅ ነበር።

«መምህር፣ ግድግዳው ባዶ ሆኖብናል» አሉ ዳኛው። «ሰፈራችን ከሰማይ የታየበትን አንድ ትልቅ ፎቶ ይስጡን። ፍሬሙን እኛ እናሠራለን።»

መምህሩ ደስታቸውን በቁጣ መልክ ደበቁት። «ኢንሻአላህ» አሉ፣ ግንባራቸውን ቋጥረው። በልባቸው ግን ሌላ ነገር አሰቡ፤ ፎቶው ሲሰቀል ፈንታሁን ይመጣል፤ ሳይመጣ አይቀርም።

ሥራው በዚያ ሳምንት ተፋጠነ። ብርሃኑ ጠዋት ይሻላል ብለው በማለዳም ማብረር ጀመሩ። አንድ ቀን ወይዘሮ መዲና ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡና ሰማይ ሰማይ እያዩ፣ «አንቱ ሰው፣ ትናንት ጸጉሬን ፈትቼ ስታጠብ ያ ነገርዎ አናቴ ላይ ቆሞ ነበር» አሏቸው።

«ስልክ ነው፤ ማን ያይሻል?»

«ጣራ የሚወጣ ሰው እንኳ ይጣራል።»

«እኔ ጣራ አልወጣሁም፤ እግሬ መሬት ላይ ነው» አሉ መምህሩ። በሥርዓት አክባሪነታቸው ሰፈሩ የሚምልባቸው ሰው፣ ሥርዓቱ የተሠራው ለእግር ሳይሆን ለዓይን መሆኑን በዚያች ቅጽበት ስተውት ነበር።

ልጃቸው ኢስራ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ትሠራለች። መምህሩ ፎቶዎቹን ይዘው በሚኒባስ ወረዱ። ጠመዝማዛውን መንገድ ወርደው ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሙቀቱ ተቀበላቸው።

«አባዬ፣ ካፖርቱን ያውልቁ እንጂ» አለች ኢስራ እጃቸውን ስማ። «እዚህ እኮ ደሴ አይደለም።»

«ልብስ የሚለበሰው ለሰውየው እንጂ ለአገሩ አይደለም።»

ኢስራ ሳቋን ዋጠችና ፎቶውን በኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተችው። በስልክ መስታወት ላይ የጥፍር ያህል የነበረው ሰፈር ጠረጴዛ ሙሉ ሆኖ ሲዘረጋ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ደሴ ከአናቷ! መንገዱ የፈሰሰ ክር ይመስላል፤ የቆርቆሮው ዝገት እንኳ ያምራል። ኢስራ ምስሉን እያቀረበች ግቢ በግቢ ስታሳልፍ እሳቸው በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩላት፤ «ይህ የቄሱ ነው። ይህ የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ ነው። ይህ የእኛ፤ ጎማው ያው። ይህ ደግሞ የጋሽ ፈንታሁን።»

«እንዴ፣ ጋሽ ፈንታሁን ቤት እንግዳ አለ?» አለች ኢስራ።

«የለም። ልጆቹ አዲስ አበባ ናቸው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ አንሶላ? ፍራሹስ?»

ከቤቱ ጀርባ፣ በላይ በኩል ባሕር ዛፍ፣ በጎን በኩል አጥሩ ስለሚከልለው ከሰማይ በቀር ማንም በማያየው ሥፍራ፣ የማገዶ ቤቱ ዝቅተኛ ጣራ ላይ አንድ ፍራሽ ተሰጥቷል። በመሃሉ ሰፊ የእርጥበት ክብ ይታያል። አንሶላዎቹ በገመድ ላይ ተደርድረዋል።

መምህሩ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉና፣ «ከዚህ በፊት የተነሡትን ክፈችልኝ» አሉ። ከፈተች። ያው ፍራሽ፤ ያው ቦታ። የሌላውን ማለዳ ከፈተች። ያው ነው። ያ በመሃል የሚቋረጥ ወሬ፣ ያ ወገብ ላይ የሚጠመጠም ጋቢ፣ ያ ሬዲዮ የሚሰማበት ጉንፋን፣ ሁሉም መጥቶ እዚያች ማገዶ ቤት ጣራ ላይ ተሰጣ።

ኢስራ የአባቷ ፊት ሲለወጥ አየች እንጂ ምክንያቱን አልተረዳችውም። «ካላማረብዎት ላጥፋው» አለች። «ጎኑ ያለውን ቆርቆሮ ወስጄ እላዩ ላይ ብለጥፈው ማንም አያውቅም።»

«ያልነበረ ቆርቆሮ?»

«ቆርቆሮ ያው ቆርቆሮ ነው አባዬ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«እሺ። ከፎቶው ላይ ታጠፊዋለሽ። ከእኔ ዓይን ላይስ?»

መምህሩ ተነሡ። ፎቶዎቹ በሙሉ እንዲሰረዙ፣ አንድም እንዳይታተም አዘዙና፣ ልጃቸው ያቀረበችላቸውን ለስላሳ እንኳ ሳይጨርሱ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ሚኒባሱ ዳገቱን ሲያቃስት መምህር አብዱልባሲጥ ካፖርታቸው ውስጥ ተኮማትረው የአባታቸውን ቃል ሲያኝኩ ተጓዙ። ደጅ ሳያንኳኩ ገብተዋል። ያውም ከሰው ሁሉ ቤት ውስጥ መርጠው የወዳጃቸው ጓዳ ድረስ።

ማታውኑ የቅሬውን ዳኛ አገኟቸው።

«ፎቶው አይሰቀልም» አሉ።

«እንዴት ተደርጎ! ፍሬሙ አልቋል እኮ፤ መስታወቱ ሳይቀር ገብቷል። ባዶ ፍሬም ልስቀል?»

«ስቀል። ባዶ ፍሬም ማንንም አይበድልም።»

«ምን ጎደለው?»

«ጥፋት አለበት። ጥፋቱም የአንሺው ነው፤ ሳልጣራ ነው ያነሣሁት።»

«ጣራ ወጥተው ነበር እንዴ?»

«ዓይኔ ወጥቷል።»

አቶ ወንድምአገኘሁ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸውና፣ «እንግዲህ የእርስዎን ነገር!» ብለው ሄዱ። ወሬውም በነጋታው ሰፈሩን አዳረሰ። ከአጥሩ ማዶ ያለውም ቤት ሳይሰማው አልቀረም።

በነጋታው ከሰዓት በኋላ መምህሩ ካይታቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ቆሙ። ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ በሚያሰኘው በዚያ ድምፃቸው ተጣሩ፤ «ካይት ላወጣ ነው! ዓይን አለበት! ሰትር!»

መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ከሳቁም በኋላ መልሱ ከየአቅጣጫው መጣ።

«ሰትረናል፤ ውጣ!» አሉ ከቄሱ ቤት።

«ሰትረናል! ዳቦው ግን ራቁቱን ነው!» አሉ ከዳቦ ቤቱ።

«ሰትሬያለሁ» አሉ ወይዘሮ መዲና ከገዛ ጓዳቸው። «አሁን ገና ወደ ልብዎ ተመለሱ።»

ከአቶ ፈንታሁን ግቢ ግን መልስ አልመጣም። ሲያወራ የነበረው ሬዲዮ ጥሪው ሲሰማ ድንገት ጠፋ እንጂ ሌላ ድምፅ አልነበረም። መምህሩ ጠበቁ። ነፋሱ መጣ፣ የካይቱን ጅራት አወዛወዘ፣ አለፈ። ፀሐይዋ ወደ ጦሳ ጀርባ ስታዘነብል ገመዱን ጠቅልለው ገቡ። በማግሥቱም ተጣሩ፤ ሁሉም መለሰ፤ ያ ቤት አልመለሰም፤ ጠቅልለው ገቡ። የቅሬው ዳኛ ተቆጡ፤ ምርቃቱ ደረሰ፣ ፍሬሙ አዳራሹ ውስጥ አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል አሉ። መምህሩ፣ «አንድ ቤት ይቀራል» ከማለት በቀር አልመለሱላቸውም።

አንድ ቀን ወይዘሮ ገበያነሽ በአጥሩ ቀዳዳ በኩል፣ «መምህር፣ እኔ ልመልስልዎት?» ብለው አንሾካሾኩ።

«አይሆንም ገበያነሽ። የዚያ ቤት መልስ የእሱ ነው።»

«እሱ እንደሁ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። «እርስዎን ነው እኮ የፈራው።»

መምህሩ ይህን ቃል ይዘው አደሩ። በማግሥቱ ሲጣሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ትእዛዝነቱ ቀንሶ ልመና ገብቶበት ነበር። ሰፈሩ መለሰ። ከዚያ ያቺ ከጥቅምት ጀምሮ የተዘጋች የአጥር መዝጊያ ሲጥጥ ብላ ተከፈተች።

አቶ ፈንታሁን ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው ብቅ አሉ። ከስተዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰፈሩን በጩኸት ልትፈጀው ነው?»

«አልመለስክልኝም።»

«ሌላው ሁሉ መልሶልሃል። አልበቃህም?»

«አንድ ቤት ካልመለሰ ጣራ አይወጣም።»

«ሥርዓት! ሁልጊዜ ሥርዓት!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፎቶውን ምን አይተህበት ነው የከለከልከው?»

መምህር አብዱልባሲጥ ውሸት መናገር አይችሉም። የሰው ገመና መግለጥም አይችሉም። ሁለቱ ሕጎች በአንድ በር ላይ ተጋጭተው አያውቁም ነበር። «ሳልጣራ ያየሁትን አልናገርም» አሉ በመጨረሻ።

«እኔው ነኝ እኮ የምጠይቅህ። ፍራሹን ነው?»

«ፍራሹን ነው።»

አቶ ፈንታሁን አጥሩን ተደገፉ። «ከማን ጋር አየኸው?»

«ከኢስራ ጋር። እሷ እንግዳ የመጣባችሁ መስሏታል።»

«እንግዳ?» አሉ አቶ ፈንታሁን። የሚያለቅሱ መስሎ ነበር፤ ሳቅ ሆኖ ወጣ። «በእመብርሃን፣ እውነቷን ነው! ሳይጠራ መጣ። ሌሊት ሌሊት ይገባል። ሂድ ብለው አልሄድ አለኝ። ሽንቴ ከእኔ ጋር መማከር ትቷል፣ ወንድሜ።»

መምህሩ አልሳቁም። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ለአንተ?» አቶ ፈንታሁን ቀና ብለው አዩዋቸው። «አጠገብህ ተቀምጬ ሽታ ቢሰማህስ? ‹እሸታለሁ እንዴ?› ብልህ አዎን ትለኛለህ። ሌላው ይዋሸኛል፤ እሱን እችለዋለሁ። አንተ አትዋሽም። ከሰው ሁሉ አንተን ፈራሁ።»

መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን ሲኮሩበት የኖሩት ነገር ወዳጃቸውን ከደጃቸው ያባረረ ዱላ ሆኖ ሲያገኙት፣ ጓንቱን ከእጃቸው አወለቁ። አጣጠፉት። መልሰው ዘረጉት።

«ብትጠይቀኝ እውነቱን እነግርህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ከአጠገብህ ግን አልነሣም ነበር። ይህንንም አብረህ ማወቅ ነበረብህ።»

ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ገበያነሽ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ተሰማ።

«ሐኪም አይቶሃል?»

«ገበያነሽ ትነዘንዘኛለች። ልጄ በሚሆን ሐኪም ፊት ሱሪዬን ልፈታ?»

«አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ሄደህ ምን ልትሠራ?»

«እቀመጣለሁ።»

አቶ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እምቢታ ግን አልነበረበትም። «አብሽር ትለኝ ይሆናል ብዬ ነበር። እቀመጣለሁ ትላለህ።»

«ካይቱን ከነገ ጀምሮ የማበርረው ከአንተ ግቢ ነው» አሉ መምህሩ።

«ከዚህ? ምን ነፋስ አለ እዚህ? ባሕር ዛፉ ይበላዋል።»

«ነፋሱስ ከሜዳው ያንሳል። እዚህ ግን ሰው አለ።»

አቶ ፈንታሁን ግቢያቸውን ዞረው አዩ፤ ባሕር ዛፉን፣ የማገዶ ቤቱን፣ ቅርብ ያለውን የመጸዳጃ ቤት በር። ከዚያ ወዳጃቸውን አዩ።

በማግሥቱ መምህሩ የቆሙት በአቶ ፈንታሁን ግቢ መሃል ነበር። ማገዶ ቤቱ ጣራ ላይ ምንም አልነበረም። «ካይት ላወጣ ነው! ዓይን አለበት! ሰትር!» ብለው ሲጣሩ፣ አቶ ፈንታሁን ከጎናቸው፣ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ላይ ሆነው፣ በተሳቢ ሞተር ላይ በሠለጠነ ድምፅ፣ «ሰትረናል፤ ውጣ!» ብለው ጆሯቸው ላይ ጮኹባቸው። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ካይቱ መጀመሪያ ባሕር ዛፉ ላይ ተሰቀለ፤ በእንጨት አወረዱት። ሁለተኛም ተሰቀለ። «አላልኩህም?» አሉ አቶ ፈንታሁን ደስ እያላቸው። ከዚያ አንድ ጥሩ ነፋስ ከታች፣ ከገበያው በኩል ተነሥቶ ጥቁሩን ጃንጥላ ከቅርንጫፎቹ በላይ ወሰደው። ገመዱን የያዙት አቶ ፈንታሁን ነበሩ፤ በገዛ ጓንታቸው።

ፎቶው በምርቃቱ ቀን በፍሬሙ ውስጥ ተገኘ። ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በየግቢያቸው ቆመዋል፤ የዳቦ ቤቱ ሰዎች ትሪ ይዘው ወደ ሰማይ ያሳያሉ፤ ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ወይዘሮ መዲና ከመሸፋፈናቸው የተነሣ ከነጠላቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። ከሥር በኩል፣ ገመዱ ከሚነሣበት ግቢ፣ ሁለት ሽማግሌዎች አንጋጠዋል፤ አንደኛው አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ሌላው እንደ ፈታኝ ፊቱን ቋጥሯል። ከኋላቸው ባለችው ማገዶ ቤት የዛገ ጣራ ላይ ግን፣ አቧራ ሳይነካው የቆየ፣ ከሌላው ይልቅ የሚያበራ አንድ አራት ማዕዘን ቦታ ይታያል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አቶ ወንድምአገኘሁ ፎቶው ሥር ቆመው ይህን የማን ጣራ ነው፣ ያንን የማን ጣራ ነው እያሉ ሲያስረዱ፣ ጣታቸው እዚያች ላይ ደረሰና ቆመ።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ይሄ የሚያበራው ምንድን ነው? ቆርቆሮ ቀየሩ እንዴ?»

መምህር አብዱልባሲጥ ወደ ወዳጃቸው ዞሩ።

«እሱ?» አሉ አቶ ፈንታሁን ከተቀመጡበት። «እንግዳ የከረመበት ቦታ ነው።»

«የምን እንግዳ?»

«ሳይጠራ የመጣ። ሐኪሙ ስንቁን ቋጥሮለታል፤ ሊሄድ እየተሰናበተ ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ያልገባውም ሳቀ። ዳኛው ወደሚቀጥለው ጣራ አለፉ። ሐኪም ቤት አብረዋቸው የተቀመጡት መምህሩ ይህችን ቃል እንደ ልማዳቸው አንሥተው መዘኗት፤ ከወዲህም ከወዲያም አገላብጠው አዩአት። ውሸት አላገኙባትም። ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው በሰፈሩ እምብዛም የማይታወቅ ስለሆነ ጥቂት ሰዎች ዞረው አዩዋቸው።

ንግግሩ መሃል አቶ ፈንታሁን በሩ አጠገብ ከነበረው መቀመጫቸው ተነሡና ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሹልክ ብለው ወጡ። ያንን ቦታ ማልደው መጥተው የያዙላቸው መምህሩ ናቸው። ቆሞ የነበረ አንድ ሰው ክፍቱን ቦታ አይቶ ሊቀመጥ ሲጠጋ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት እንኳ ያላወለቁትን ካፖርት አወለቁና ወንበሩ ላይ ዘረጉት።

«ሰው አለው» አሉ።